ትንፋሹን ቁጠሪ

አባዬ ግንበኛ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የእሱ እጅ ያላረፈበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ልጅ ሆኜ ምሳውን በሳህን ቋጥሬ እወስድለት ነበር። እጁን እስኪታጠብ ድረስ ቱንቢውን አንስቼ ግድግዳው ላይ እይዛለሁ። እሱ ሲያየው አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹንም ይይዛል፣ ክሩ መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም። መሐንዲሱ ሲመጣ ግን አባዬ ኮፍያውን ያወልቃል። ያቺን ኮፍያ ማውለቅ አልወድም ነበር። ሲቪል ኢንጂነር ሆኜ አንድ ቀን እዚያው ሳይት ላይ ልመጣና «አባዬ፣ ኮፍያህን አድርግ» ልለው ነበር ሐሳቤ።

ሒሳብ ደግሞ ነፍሴ ነው። 2005 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወሰድኩ፤ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ምደባ የወጣ ቀን ኢንተርኔት ቤት ተሰለፍን። ልጁ የመፈተኛ ቁጥሬን አስገባና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ጎንደር። ጤና። ኢንጂነሪንግ የሚል የለም። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተር ልትሆን ነው» ብሎ እናቴን እንኳን ደስ አለሽ ሲላት ሰነበተ፤ ግቢ ገብተን ዲፓርትመንት ስንደለደል ደግሞ የደረሰኝ ነርሲንግ ሆነ። ለአባዬ ደውዬ ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «እሺ ልጄ፣ ዋናው አንቺ ደህና መሆንሽ ነው» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አለቀስኩ።

የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንዳሳለፍኩት ብዙ አልጽፍም። ዲፓርትመንት ለመቀየር ማመልከቻ አስገባሁ፣ አልተሳካም። ክፍል እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህር ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ የመስጫው ቱቦ 20 ጠብታ ለ1 ሚሊ ሊትር ነው፣ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይውረድ? ክፍሉ ደብተር ሲገልጥ እኔ «42» አልኩ። 1000 በ20 ታባዛለህ፣ ለ480 ደቂቃ ታካፍላለህ፣ 41.67 ይመጣል፣ ጠብታ ስለማይከፈል 42 ትላለህ። ቀላል ሒሳብ ነው። ግን መምህሩ ቀጥሎ የተናገረው ነገር ውስጤ ቀረ። ለትንሽ ልጅ ይሄ ቁጥር ቢሳሳትና ፈሳሹ ቶሎ ቢገባ ሳንባው ውሃ ሊሞላ ይችላል አለ። ለሕፃናት 1 ሚሊ ሊትሩን 60 ጠብታ የሚያደርግ ቱቦ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ የእያንዳንዱ ጠብታ መጠን ሲያንስ ልኩን መጠበቅ ይቀላል። ያን ቀን ነው ሒሳቤ ጥሎኝ እንዳልሄደ የገባኝ። እዚህም አለ፤ ከመልሱ በስተጀርባ ግን ሰው ተኝቷል።

ላይብረሪ ሄጄ የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች ስለምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ማንበብ ጀመርኩ። እስከዚያ ድረስ የማውቃት ሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መሃል የምትዞር ሴት ብቻ ሆና ነበር። ሒሳብ ልማር ብላ ቤተሰቦቿን የሞገተች ልጅ እንደነበረች አላውቅም ነበር። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ የሞተውን ወታደር እየቆጠረች መዘገበች። ከዚያ በቁስል ከሞተው ይልቅ በበሽታ የሞተው እንደሚበልጥ በሥዕል አሳየች። የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበርም በአባልነት የተቀበላት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነች። ይሄን ለምን በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልነገሩንም? እኔ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው።

ግን እውነቱን ለመናገር ነርስ ያደረገኝ መጽሐፍ አይደለም። አንድ ሌሊት ነው።

ሦስተኛ ዓመት ለፕራክቲስ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተመደብኩ። የሌሊት ዱቲ ነበር። በሰባት ወሩ የተወለደ ወንድ ልጅ አለ፣ 1,300 ግራም። እግሩ የአውራ ጣቴን ያህል ነው። የቆዳው ሥሮች ሁሉ ይታያሉ። አብረውኝ የነበሩት ሲስተር በዕድሜ ከእናቴ የሚበልጡ፣ ብዙ የማያወሩ ሴት ናቸው። ወንበር ስበው ሕፃኑ አጠገብ አስቀመጡልኝ።

«የሚቆጣጠረው ማሽን ሌላ ልጅ ላይ ነው። ዛሬ ማሽኑ አንቺ ነሽ። ትንፋሹን ቁጠሪ።»

ያለጊዜው የተወለደ ልጅ አተነፋፈሱ ወጥ አይደለም። ይሮጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሮጣል። ስለዚህ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሠራም፤ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር የግድ ነው። ትንሽ ማረፉ ያለ ነው። 20 ሰከንድ ከሞላ ግን፣ ወይም ከዚያም በፊት መልኩ ከተለወጠ፣ ትንፋሹ ቆሟል ማለት ነው። አእምሮው ገና ስላልጠነከረ መተንፈሱን ይረሳዋል።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ረሳው። 34 ላይ ነበርኩ። 35 አልመጣም። ዓይኔን ከደረቱ ወደ ሰዓቴ አዞርኩ፣ ከሰዓቴ ወደ ደረቱ። 10 ሰከንድ። 12። 15 ላይ ከንፈሩ ጠቆረ። 20ን አልጠበቅኩም። ውስጥ እግሩን በጣቴ መታ አደረግኩት። ምንም የለም። ደገምኩት። ድንገት ሰውነቱ ሁሉ ተኮማተረና አየር ሳበ፣ ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ያለች ቀጭን ድምፅ አሰማ። ቀና ስል ሲስተር አምቡ ባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን፣ ይዘው ከጀርባዬ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላየሁም። ቀድመውኝ መግባት ይችሉ ነበር፣ አልገቡም።

«ጻፊው» አሉኝ። «ሰዓቱን፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ ምን እንዳደረግሽ።»

እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩ። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ፣ መድኃኒት አዘዘ። እስኪነጋ ሁለት ጊዜ ደግሞ ረሳው፣ ሁለቱንም ጊዜ ቀሰቀስኩት። ለሽንት እንኳ ሲስተርን ተክቼ ነው የተነሳሁት።

ጠዋት እናቱ ከማዋለጃ ክፍል ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። የሕፃኑ ሙቀት 35.9 ነበር፣ ዝቅ ብሏል። ሲስተር ልብሷን አስከፈቱና ልጁን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ ጡቶቿ መሃል አስተኝተው በነጠላ አሰሩላት። «እኔ የማውቀው በጀርባ ማዘል ነው» አለች እናትየው ግራ ገብቷት። ልክ ነች፣ አንቀልባ የማያውቅ ማን አለ? ይሄኛው በደረት ሆነ እንጂ። በ1978 እ.ኤ.አ. ኤድጋር ሬይ የሚባል ሐኪም በኮሎምቢያዋ ቦጎታ የጀመረው ነው፤ ሆስፒታሉ ልጆቹን የሚያሞቅበት ማሽን ስላልበቃው የእናትን ገላ ተጠቀመ። የካንጋሮ እንክብካቤ እንለዋለን። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ማሽን ባለበትም ቢሆን ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ ከውልደቱ ጀምሮ የሚመክረው ይሄንኑ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለካሁት። 36.7። የእናቱ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል የእሱም አብሮ ይሄዳል። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከሲቪል ኢንጂነሪንግ ወዲህ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር አልነበረም፤ እዚህ ክፍል መቅረት ፈለግኩ።

ፕራክቲሴ ካለቀም በኋላ እየሄድኩ አየው ነበር። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ 1,750 ግራም ሆኖ ወጣ።

አሁን በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ደመወዙ አይበቃም፣ ይሄን የማይል ነርስ ካለ አላገኘሁትም። ሌሊቱ ይከብዳል። ያልዳኑ ልጆችም አሉ፤ እነሱን እዚህ አልጽፋቸውም። ነርስ ማለት የሐኪም ተላላኪ ነው የሚለው ንግግር ግን ዛሬም ያመኛል። ሐኪሙ ለራውንድ ይመጣል፣ አይቶ አዞ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ሥራው ነው። አጠገቡ የምትቆየው ነርሷ ናት። የሕፃኑ መልክ ሲለወጥ፣ ወተቱን እንደ ትናንቱ አልወስድ ሲል፣ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት። ሐኪሙም የሚመጣው እሷ ስትጠራው ነው። ያልመረጣችሁት ነርሲንግ ደርሷችሁ ዶርም ውስጥ የምታለቅሱ ልጆች ካላችሁ፣ ለቅሷችሁን አውቀዋለሁ። አንድ ሌሊት ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሳታድሩ ግን አትወስኑ እላችኋለሁ።

ባለፈው ክረምት አባዬ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ሆነ። ያን ቀን ሲስተር አልነበርኩም፣ አስታማሚ ነበርኩ። ማታ ግሉኮሱ ቀስ ያለ መሰለኝ። አልጋው አጠገብ በርከክ ብዬ ዓይኔን ከጠብታው ጋር እኩል አደረግኩ፣ ሰዓቴንም አጠገቡ ያዝኩ።

«ምን እያየሽ ነው?» አለኝ።

«ጠብታህን እየቆጠርኩ ነው።»

«ስንት መሆን አለበት?»

«42»

«ስንት ሆነ?»

«36»

መቆጣጠሪያውን ትንሽ ለቀቅ አደረግኩና እንደገና ጀመርኩ። አባዬ ትራሱ ላይ ራሱን ወደ ጠብታው አዞረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። ደቂቃዋ እስክትሞላ ሁለታችንም አልተናገርንም።

«አርባ ሁለት» አለ፣ ከእኔ ቀድሞ።