ዘጌ የተገኘው ሳጥንና ግድግዳችን ላይ ያለው 1953

ባህር ዳር ምን ልትሰራ ነው ሲሉኝ "ጣና ላይ ትንሽ አየር ልቀይር" እያልኩ ነው የወጣሁት፣ የሞተ አያቴን ፋይል ፍለጋ ነው ብል ደግሞ ማን ያምነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል፣ የእናቴ አባት ነው፣ ወታደር ልብስ ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከስር ጥጉ ላይ በነጭ ቀለም 1953 ተብሎ ተፅፏል። እኛ ቤት ስለዚህ ቁጥር አይወራም ነበር። ልጅ ሆኜ አንዴ እማዬን (ሴት አያቴን ማለቴ ነው) ብጠይቃት "ዝም በል፣ ጆሮ አለ" አለችኝ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው እንግዲህ ይሄን የምትለኝ። 1953 ታህሳስ ላይ ጃንሆይ ብራዚል እያሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ክብር ዘበኛን ይዘው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ ክብር ዘበኛ የነበረ ሰው ሁሉ ተጠረጠረ። አያቴ ደግሞ ክብር ዘበኛ ነበር፣ ፎቶው 1953 ይላል፣ ሰውየው ሚስቱንና ልጁን አዲስ አበባ ትቶ ሀገሩ ዘጌ ገብቶ እዛው ቀርቷል። በቃ፣ ታሪኩ ራሱን ሰራ፣ "ከመንግሥቱ ንዋይ ጋር ነበረ፣ እኛን ላለማስበላት ሸሸ"። እናቴ ያደገችው በዚህ ነው።

ኮሪያም ዘምቷል ይባላል ግን ማንም እርግጠኛ አልነበረም። አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ እዛ ስማቸው የተፃፈው የሞቱት ናቸው፣ ከ120 በላይ ናቸው፣ የሱ ስም የለም፣ መኖርም የለበትም ምክንያቱም ተመልሷል። ሜሪላንድ ያለው የአጎቴ ልጅ ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄዶ የ7ኛ ክፍለ ጦርን የ32ኛ ሬጅመንት ሪፖርቶች ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ላከልኝ፣ ኮሪያ የዘመተው የኛ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ የተመደበው እዛ ስለነበር። ሳምንት ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ አነበብኩ። ሪፖርቱ ሻለቃው የት እንደሰፈረ፣ ስንት ሰው እንደቆሰለ ይነግርሃል እንጂ ተራ ወታደር ስሙ የለም፣ ያለውም ስም የኛን አጠራር ፈረንጅ እንደሰማው ስለሆነ አንዱ ኃይለ አራት ዓይነት ኃይለ ሆኖ ታገኘዋለህ። ስለዚህ የቀረኝ የሰውየው ሀገር ነበር።

አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት አይሞላም። ባህር ዳር ገብቼ መጀመሪያ የጡረታ ነገር ካለ ብዬ አንድ መስሪያ ቤት ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሶስት ቀን "ነገ ና" ተብዬ አራተኛው ቀን ላይ የድሮ ፋይል ሲዛወር ያልመጣ አለ ተባልኩ። ተውኩት። በነዚህ ቀናት ግን ከተማውን ጠገብኩት፣ ዘንባባው ስር ቡና፣ ማታ ሀይቁ ዳር አሳ ጉላሽ፣ ጠዋት ደግሞ ደንገል ታንኳቸው ላይ ቁጭ ብለው የሚቀዝፉትን ማየት፣ ሰውየው ውሃው ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ለዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አብረውኝ የነበሩት ቱሪስቶች ለኡራ ኪዳነ ምህረት ስዕል ነበር የሄዱት፣ ካፒቴኑ ዘጌ በበሬ እንደማይታረስና አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነ እየተባለ እንደሚነገር አስረዳን። እኔ ግማሹን አልሰማሁም፣ በጭንቅላቴ ሰዎቹን ካገኘኋቸው ምን ብዬ ነው የምጀምረው እያልኩ ነበር።

አላስፈለገም። ጫካው ውስጥ ጠይቄ ጠይቄ የአያቴ ታናሽ እህት ቤት ደረስኩ፣ መንኩሰዋል፣ እማሆይ ናቸው አሁን፣ ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ ገና ሰላም ከማለቴ ፊቴን ያዙና "ይችን አፍንጫማ አውቃታለሁ" አሉ። ማን መሆኔን ስነግራቸው አለቀሱ፣ ከዛ ተቆጡኝ። "እስተ ዛሬ የት ነበራችሁ?" ምን ልበል።

ቡናው ሶስተኛ ላይ ሲደርስ ሳጥኑ ወጣ። የቆርቆሮ ሳጥን ነው፣ ከላይ የዳዊት መፅሐፍ፣ ከስር ነጠላ፣ ከዛ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር። የሀይቁ እርጥበትና ምስጥ እያለ ይሄ ወረቀት እንዴት እንደተረፈ አላውቅም። መጀመሪያ የወጣው ሜዳሊያ ነበር፣ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ መስመር መስመር፣ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው፣ ላዩ ላይ ያለችው ነሐስ ላይ ደግሞ ኮሪያ ተብሎ በራሳችን ፊደል ተፅፏል። ይሄ ሜዳሊያ በየዘማቹ ሀገር ቋንቋ እንደተሰራ አንብቤ ነበር ግን በጣት ሲነካ ሌላ ነው። በደርግ ጊዜ መሬት ቀብረውት ነበር አሉ፣ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ በሆነ መንግሥት ስር ይሄን ደረት ላይ ለጥፎ የሚሄድ ማን ነው።

ቀጥሎ ፎቶው ወጣ። ያው የኛ ፎቶ! ግን ፍሬም ውስጥ ያልገባ። ገለበጥኩት፣ ጀርባው ላይ የማላውቀው ፊደል ያለበት ማህተም፣ በስልኬ ሳስተረጉመው ቶኪዮ ያለ ፎቶ ቤት ነው። ወታደሮቹ ለእረፍት ጃፓን ይላኩ ነበር። እና 1953 ያለው ጃፓናዊው ነው፣ በፈረንጅ! በኛ 1945 ወይ 46 መጀመሪያ ማለት ነው። እኛ ሀገር ቀን የተፃፈበት ነገር ስታይ መጀመሪያ የማን አቆጣጠር ነው ብለህ ጠይቅ፣ እኔ እንኳን ይሄን እያወቅኩ ፎቶው ግድግዳችን ላይ ስለኖረ ጠይቄ አላውቅም።

የመጨረሻው የስንብት ወረቀት ነበር፣ በታይፕ የተመታ፣ ወይን ጠጅ ማህተም ያለው፣ አስር አለቃ፣ ከ3ኛው ቃኘው ጋር ኮሪያ የዘመተ። 3ኛው እንግዲህ በ1945 ሚያዝያ ገደማ ኮሪያ የደረሰው ነው፣ ግንቦት ላይ ፖርክ ቾፕ የሚባለው ኮረብታ አካባቢ በሌሊት ቅኝት የተዋጋ፣ የሞተና የቆሰለ ጓዱን ጥሎ የማይመለስ፣ ተኩስ አቁሙ ሐምሌ 20 ሲፈረምም እዛው የነበረ። ከፎቶው 1953 ጋር ይገጥማል። ከዛ ቀኑን አየሁት። የተሰናበተው ሰኔ 1949 ነው።

ከመፈንቅለ መንግሥቱ ሶስት ዓመት ተኩል በፊት።

"እማሆይ፣ ያ የታህሳስ ግርግር የሆነ ጊዜ እሱ የት ነበር?" አልኳቸው። ሳቁ። "ወሬው በታንኳ ነው የደረሰን። እሱማ ቡና እየለቀመ ነበር፣ ለቀማ አይደል እንዴ ታህሳስ" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን መጣ?"

"አባታችን ታሞ ነው። ከዛ ቀረ።"

"ለምን ተመልሶ አልሄደም?"

ስኒውን አጥበው እስኪጨርሱ ዝም አሉ። "እሱን አልጠየቅሁትም የኔ ልጅ" አሉኝ።

ወረቀቱን ልውሰደው ብል አይሆንም አሉ፣ ልክ ናቸው፣ ደጅ ብርሃን ላይ ዘርግቼ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አነሳሁት። (የናንተም ቤት ካለ እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉት፣ ይበላሻል።) ለእማሆይ አዲስ ፕላስቲክ ትቼላቸው ኔትወርክ ፍለጋ ሀይቁ ዳር ወረድኩና እናቴ ጋር ደወልኩ።

መጀመሪያ ሜዳሊያውን ነገርኳት፣ ደስ አላት፣ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ቶኪዮን ነገርኳት፣ ሳቀች። ከዛ ሰኔ 49 ስላት ዝም አለች። እሷ የ48 ልጅ ናት።

"እስቲ ወረቀቱን አንብብልኝ" አለች። ማዕረጉን፣ ቁጥሩን፣ ዘመቻውን አነበብኩ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስደርስ ልዝለላት አልኩ፣ ግን አንድ ቀን ራሷ ታነበዋለች፣ ፎቶው እንደሆነ ስልኬ ውስጥ ነው።

"በገዛ ፈቃዱ ባቀረበው ጥያቄ ተሰናብቷል ይላል።"

"ድገመው" አለችኝ።

ደገምኩላት።