ለቅዱስ ገብርኤል የተሳልኩት ምስክርነት

ወንድሜን ከሞት ካተረፍክልኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ስለቴን ልፈጽም።

የምንኖረው አሪዞና፣ ፊኒክስ ነው። ወንድሜ የግንባታ ሠራተኛ ነው፤ አቧራ ሲምግ ነው የሚውለው። መጀመሪያ ሳል ያዘው። ቀጥሎ ለሳምንታት የማይለቅ ራስ ምታት መጣ፣ ያስመልሰውም ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት የገዛ ልጁ ስም ጠፋበት። «አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» ስትለው ዝም ብሎ ያያታል።

ሆስፒታል ከጀርባው ፈሳሽ ተቀዳ። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሲሰሙ የአንጎል ሽፋን ቲቢ ነው ብለው መድኃኒት ጀመሩለት። አልፈርድባቸውም፤ ኋላ ከተገኘበት በሽታ ጋር በጣም ይመሳሰላል። እሱ ግን እየባሰበት ሄደ። እናታችን ከድሬዳዋ ቁልቢ በእግሯ ልትሄድ ተሳለች። እኔ አልጋው አጠገብ ፀበል እየቀባሁት «ገብርኤል ሆይ፣ የሐኪሞቹን ዓይን አብራልኝ» እል ነበር። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

በማግስቱ አንዲት የተላላፊ በሽታ ሐኪም ገባች። ከየት አገር መጣ አላለችም። «እዚህ ስንት ጊዜ ኖረ? ሥራው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በፈሳሹ ውስጥ ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ሴሎች አይታለች። ቲቢ ላይ እምብዛም አይገኙም። አዲስ ምርመራ አዘዘች፤ ውጤቱ ቫሊ ፊቨር ሆነ! ፈንገስ ነው። በአሪዞና አፈር ውስጥ ይኖራል፣ ከአቧራ ጋር ሳንባ ይገባል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይድናል። በጥቂቶች ላይ ግን ወደ አንጎል ሽፋን ይሻገራል፤ ካልታከመም ይገድላል። ከሳንባ አልፎ የመሰራጨቱ አደጋ በእኛ በጥቁሮች ላይ እንደሚበልጥም ያኔ ነው የሰማሁት።

ፍሉኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ተጀመረለት። ወዲያው አልተነሳም። መድኃኒቱ ከንፈሩን ሰነጣጠቀው፣ ጸጉሩን አረገፈው። ራስ ምታቱ ግን ቀስ በቀስ ለቀቀው። አንድ ቀን ልጁን በስሟ ጠርቶ «ሽሮ አምጡልኝ» አለ። እልል አልኩ፤ ነርሶቹ ደንግጠው መጡ።

መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው፣ ካቆመ ያገረሽበታል። «ገብርኤል ካዳነው ለምን ይውጣል?» የሚሉኝ አሉ። የለመንኩት ሐኪሞቹ እንዲያዩ ነው፤ አዩ፣ ክኒኑን ሰጡን። በየማለዳው በስመ አብ ብሎ ይውጠዋል። እኔ ከዚህ የበለጠ መልስ አልጠይቅም።

እዚህ በረሃ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሳልና ራስ ምታት አልለቅ ካላችሁ «ቫሊ ፊቨርም መርምሩኝ» በሉ። ሌላ ከተማ ሄዳችሁ ብትታመሙም አሪዞና መኖራችሁን ለሐኪሙ ንገሩት። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የታመመ ካለ ሄዳችሁ ጠይቁት።