ቹንቾን፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚጀምር ሳምንት

ቹንቾን የሄድኩት በኮሪያ ጦርነት ለዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ለቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ ብዬ ነው። ከሴኡል በባቡር አንድ ሰዓት ከትንሽ ነው። ጎንግጂቾን በሚባለው ወንዝ ዳር፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1968 መጥተው የመረቁት ሐውልት ቆሟል። አጠገቡ ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤት የሾለ የዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ አለ። ስለ እነሱ ብዙ ሰው ጽፏል፣ ፎቶውም በየቦታው ይገኛል፣ አልደግመውም። ሳምንቱን ሙሉ እዚያች ከተማ ያቆየኝ ሌላ ነገር ነው። አንዲት መካከለኛ የምትባል የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ናት። ከፎቅ ቤቶች መሃል ገብታ፣ ጣሪያዋ ላይ ማታ ማታ ቀይ መስቀል የሚበራባት።

የወሰደኝ እዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወዳጄ ነው። የደምቢ ዶሎ ልጅ ነው። ደምቢ ዶሎ ላይ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች ሥራ የተጀመረው በ1919 ዶክተር ቶማስ ላምቢ ሲገባ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ የበቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዳለች። ስለዚህ ወዳጄ ኮሪያ ሲገባ የከበደው ቋንቋው ነው እንጂ አሠራሩ አይደለም። ምእመናን የሚመርጧቸው ሽማግሌዎች አሉ። ሽማግሌዎቹ ከመጋቢው ጋር ተቀምጠው ይመክራሉ፣ ይወስናሉ። የአካባቢው አጥቢያዎች ደግሞ በአንድ ጉባኤ ሥር ይተሳሰራሉ። «የእናቴን አጥቢያ ነው የሚመስለኝ» አለኝ፣ «ብቻ እዚህ እንቅልፍ የለም።»

እንቅልፍ የለም ያለው ገባኝ። ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ። ኅዳር ነው፣ መንገዱ ላይ ውሃው በረዶ ሠርቷል። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ሞቃለች፣ ሰዎችም ገብተዋል። ሰኞ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በየቀኑ ነው። አንድ መዝሙር ይዘመራል፣ አንድ ምዕራፍ ይነበባል፣ መጋቢው አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይናገራል። ከዚያ መብራቱ ይጠፋና እያንዳንዱ ሰው በራሱ ድምፅ መጸለይ ይጀምራል። የጨረሰ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ያልጨረሰ ይቆያል። ማንም ሰዓቱን አያይም።

ይህ ልማድ ሲወሳ ኮሪያውያን የሚጠሩት ኪል ሶንጁን ነው። በ1906 ገደማ ፒዮንግያንግ ውስጥ ሰዎችን ሰብስቦ የማለዳ ጸሎት የጀመረ ሰው ነው፣ በ1907 ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ኮሪያውያን የፕሬስቢቴሪያን መጋቢዎችም አንዱ ነው። ዛሬ ክርስትና በነፃነት የማይሰበክባት ፒዮንግያንግ በዚያ ዘመን የኮሪያ ክርስቲያኖች ዋና ከተማ ያህል ነበረች፣ ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል። አዲስ አበባ ገርጂ ያለውን ኮሪያ ሆስፒታል የከፈተችው የሴኡሏ ሚዩንግሶንግ ቤተ ክርስቲያንም ፕሬስቢቴሪያን ናት፣ በዚሁ የማለዳ ጸሎት የታወቀች። በዚያ በር ስንት ጊዜ ስናልፍ ከጀርባው ይህ እንዳለ የምናውቅ ጥቂት ነን።

ማለዳ የሚመጣው ማነው? አብዛኞቹ ሴቶች፣ ዕድሜያቸው የገፋ። ከእነሱ ውስጥ ጉባኤው መርጦ የሾማቸው አሉ። የታመመ የሚጠይቁ፣ ያዘነ የሚያጽናኑ፣ የሚጸልዩ ናቸው። አንዷ ትንሽ ደብተር አላቸው፣ በየገጹ ስም። ሁለተኛው ቀን ላይ ወዳጄን ጠርተው የእኔን ስም አስጠሩት፣ በኮሪያ ፊደል ጻፉትና የእናቴን ስም ደግሞ ጠየቁ። እሱንም ጻፉ። ለምን እንደሆነ አላስረዱኝም፣ አላስፈለገም። ከወንዶቹ ደግሞ የአውቶቡስ ሹፌር አለ፣ የሥራ ልብሱን ለብሶ የሚመጣ። ሁልጊዜ የኋላው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ መብራቱ ከጠፋ ብዙም ሳይቆይ ይወጣል፣ 12 ሰዓት ላይ መኪናውን ያስነሳል። እሱን አስታውሱልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የረቡዕ ማታው ጉባኤ እንደ እኛ አገሩ ነው፣ አልዘገይበትም። ሐሙስ ግን ልዩ ቀን ነበር።

ያ ሐሙስ የኮሪያ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚወስዱበት ቀን ነው። አገሩ በሙሉ ለዚህ ቀን ይጠነቀቃል። ተማሪዎቹ መንገድ ላይ እንዳይዘገዩ መሥሪያ ቤቶች አርፍደው ይከፈታሉ፣ የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ፈተና ሲደርስ ደግሞ አውሮፕላን እንኳ አይነሳም፣ አያርፍም። በቤተ ክርስቲያኗ ጠዋት 2 ሰዓት ከ40 ላይ፣ ልክ ፈተናው ሲጀምር፣ እናቶች ተሰበሰቡ። ጥቂት አባቶችም ነበሩ። መጸለያቸው በፈተናው ሰዓት ልክ ነው። ልጆቹ የኮሪያኛ ቋንቋ ሲፈተኑ ስለዚያ ይጸልያሉ፣ ለዕረፍት ሲወጡ እነሱም ይወጣሉ፣ ሒሳብ ሲጀመር ይመለሳሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው የበሉት። እስከ ማታ።

መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ልጆቹ ላይ ያለው ጫና ከባድ እንደሆነ ኮሪያውያን ራሳቸው ይናገራሉ፣ ጸሎቱም ያንኑ ጫና እንዳይጨምር ፈርቼ። ግን መጋቢው ከሰዓት በኋላ ሲጸልይ ወዳጄ ጆሮዬ ላይ ተረጎመልኝ። ስለ ውጤት አንድ ቃል አላነሳም። «ዛሬ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ በር ከፍተን እንድንቀበላቸው፣ ስንት አመጣህ ብለን እንዳንጠይቃቸው እርዳን» ነበር ያለው። አንዳንድ እናቶች ያለቀሱት እዚህ ላይ ነው። ከፊቴ የነበሩት እናት ደግሞ ልጃቸው ዘንድሮ የሚፈተነው ለሁለተኛ ጊዜ እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ሰማሁ። የእኛም አብያተ ክርስቲያናት የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ይጸልያሉ። እንዲህ ቀኑን ሙሉ ከወላጆቹ ጋር መቀመጥ ግን ብንለምደው ደስ ይለኛል፣ በተለይ ብዙ ልጅ በማያልፍበት በዚህ ዘመን።

ዓርብ የቤት ለቤት ኅብረቱ ነው። በአንድ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ ከሥር በሚሞቀው ወለል ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። መሃል ላይ መንደሪንና የተጋገረ ስኳር ድንች። ጥቅስ በየተራ ተነበበ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሳምንቱን ተናገረ። አንድ ሰው የጥብስ ዶሮ ሱቁን ሊዘጋ ነው። ብድሩ በዝቶበታል። ይህን ሲናገር ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። ማንም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ አላለፈውም። አንደኛው የሱቁን ዕቃ ማን ሊገዛ እንደሚችል ጠየቀ፣ ሌላው የወንድሙ ድርጅት ሰው እንደሚፈልግ ተናገረ፣ ከዚያ በኋላ ነው የጸለዩለት። ቅደም ተከተሉን ወደድኩት።

ቅዳሜ ደግሞ የክረምቱ ኪምቺ የሚሠራበት ቀን። እነዚያ ማለዳ ሲጸልዩ ያየኋቸው እናቶች ቀይ የላስቲክ ጓንት አጥልቀው፣ ሽርጥ ታጥቀው ግቢውን ሞልተውታል። ማታውን በጨው የተዘፈዘፈው ጎመን ታጥቦ ተከምሯል። በትልልቅ ሳፋ ውስጥ የተፈጨ ቀይ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የተከተፈ ራዲሽና የጨው ሽሪምፕ ይለወሳል፣ ከዚያ በጎመኑ ቅጠሎች መሃል አንድ በአንድ ይቀባል። እኛ ሰፈር በርበሬ ሲደለዝ ያለውን ግርግር አስቡት፣ ያው ነው። አንዷ ታዛለች፣ ሌላዋ ጨው አነሰ ትላለች፣ ወሬው አያቋርጥም። ኪምቺ አብሮ የመሥራቱን ባህል ዩኔስኮ በ2013 መዝግቦታል። እኔ ሳጥን ተሸካሚ ሆንኩ። ባለደብተሯ እናት ከጎመኑ እምብርት አንድ ቅጠል ቆርሰው፣ ቀብተው፣ ጠቅልለው አጎረሱኝ። አዎ፣ በእጃቸው አጎረሱኝ። ኮሪያ ውስጥ ጉርሻ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሥራው ሲያልቅ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ ከአዲሱ ኪምቺ ጋር ቀረበ። ወዳጄ አይበላም፣ ያውቃሉ፣ ለእሱ ዓሣ ለብቻ አዘጋጅተውለታል። ሳጥኖቹ ግን የተሸጡ ወይም የተከፋፈሉ እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያኗ አባል ይሁኑ አይሁኑ። ኮሪያ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ብዙ ነው። ከሰዓት በኋላ በመኪና እየዞርን አደረስን። በአንዱ ቤት በር የከፈቱት አዛውንት ሳጥኑን ተቀብለው ወዲያው ሊዘጉ ሲሉ፣ አብረውን የነበሩት እናት እግራቸውን ደፉ ላይ አድርገው ስለ ጉልበታቸው ይጠይቋቸው ጀመር። ሩብ ሰዓት ቆመን ጠበቅን።

እሁድ የምስጋና በዓል ነበር፣ በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር ሦስተኛው እሁድ የሚውል። ምስባኩ ሥር የሩዝ ከረጢት፣ ዱባ፣ ፖም፣ ካኪ የሚባለው ብርቱካናማ ፍሬ ተደርድሯል። ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ተጀመረ። የሐዋርያት የእምነት መግለጫ በአንድ ድምፅ ተባለ፣ አንድ ሽማግሌ ስለ ጉባኤው ረጅም ጸሎት አደረሱ፣ መዘምራኑ በአራት ድምፅ ዘመሩ። አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ። በየሳምንቱ በሚታደለው ወረቀት ላይ አሥራትና የምስጋና መባ የሰጡ ሰዎች ስም ይታተማል። መጠኑ አይጻፍም፣ ልማዱም የቆየ ነው። ግን ዓርብ ዕለት ሱቄን ልዘጋ ነው ያለው ሰው ስሙን እዚያ ሲያጣው ምን ይሰማዋል ብዬ አሰብኩ። ለወዳጄም ነገርኩት፣ እሱም በዚህ ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ እንደሚስማሙ ነገረኝ።

እንግዳ ሲተዋወቅ መጋቢው «ከኢትዮጵያ» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። ምሳ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ (እዚያ ሽማግሌ በ70 ዓመቱ ከኃላፊነት ይወርዳል) አጠገቤ ተቀመጡ። ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን እንደዘመቱ፣ ከ120 በላይ እንደሞቱ ቁጥሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። አያትህ ዘምተዋል ወይ አሉኝ። የለም፣ ከቤተሰቤ የዘመተ የለም አልኳቸው። እጄን ግን አልለቀቁም።

ምሳው ምድር ቤት ነው፣ በየሳምንቱ በተራ የሚበስል። ሩዝ፣ የአኩሪ አተር ቡቃያ ሾርባ፣ ኪምቺ፣ በሰሊጥ ዘይት የታሸ ቅጠላ ቅጠል። ሁሉም የበላበትን ራሱ ያጥባል፣ መጋቢውም። እንደ እኔ ከሆነ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ኅብረት የሚያድረው እዚህ ምድር ቤት ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ ቡራኬው ሳያልቅ ታክሲ ስንሻማ፣ እነሱ ሾርባ ይዘው ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ። ዩኒቨርሲቲ የገባው ከአናጺው ጋር፣ መበለቷ ከባንክ ሠራተኛዋ ጋር። ስለ ታመመ ሰው የሚሰማው እዚህ ነው። ሥራ የሚገኘውም እዚህ ነው።

የዚያን ቀን የምሳው ወሬ ግን የማለዳው ጸሎት ነበር። ልጆች ያሏቸው ወጣት ባለትዳሮች ሰዓቱ ወደ 12 ይገፋልን ብለው ለሽማግሌዎቹ ጽፈዋል። ወጣቱ እየቀነሰ ነው፣ ይህ በመላ ኮሪያ ያለ ጭንቀት ነው፣ በማለዳው ወንበሮች ላይም በዓይን ይታያል። ወጣቶቹ እውነት አላቸው። ግን 12 ሰዓት ከሆነ ሹፌሩ ይቀራል። አንዲት ወጣት እናት ራሷ ይህን አንስታ፣ «እሱን አስወጥተን እኛ ብንገባ ምን ተጠቀምን?» ስትል ጠረጴዛው ዝም አለ። እኔም ሲጠይቁኝ ለሹፌሩ ወገንኩ።

በታኅሣሥ ወዳጄ ደወለልኝ። ሽማግሌዎቹ ወስነዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደ ነበረው በ11 ሰዓት፣ ቅዳሜ ግን በ12፣ ልጆችም ይመጣሉ፣ ከጸሎቱ በኋላ ቁርስ አለ። ሹፌሩ ቅዳሜ ተራው ከሰዓት በኋላ ሲሆን ይመጣል፣ ካልሆነም አምስቱ ቀን አለው። የወጥ ቤቱ ተራ ወረቀት ላይ ወዳጄ ከባለደብተሯ እናት ጋር ተመድቧል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ዕንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ ሠርተው ሃያ ሰው አብልተዋል።