በኮንሶ፣ ከጎመኑ ዛፍ ሥር

የካቲት አጋማሽ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ ገና ሳይጀምር፣ ከአርባ ምንጭ ተነሥቼ ወደ ኮንሶ አቀናሁ። መንገዱ ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሙዝ እርሻውና የጫሞ ሐይቅ ወደ ኋላ ሲቀሩ ልምላሜው እየሳሳ ይሄዳል፤ ካራት ከተማ ስደርስ ማሽላው ከታጨደ ቆይቶ፣ እርከኖቹ ላይ የሚታየው ድንጋይና አቧራ ነበር። በየግቢውና በየእርከኑ ጠርዝ ግን ወፍራም፣ ልሙጥ ግንድ ያለው አንድ ዛፍ ቅጠሉን እንደያዘ ቆሟል። ሽፈራው ነው።

ኮንሶ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት እርከኖቹና በድንጋይ በታጠሩት መንደሮቹ ነው። እኔን የወሰደኝ ግን ቅጠሉ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሽፈራው ደርቆና ተፈጭቶ፣ ለግፊትም ለስኳርም ይሆናል እየተባለ በትንንሽ ከረጢት በውድ ይሸጣል፤ እኔም እንደ ሻይ እያፈላሁ ስጠጣው ዓመታት አልፈዋል።

አስጎብኚዬ ወደ አንዲት አዛውንት ግቢ ወሰደኝ። ሴትዮዋ የልጅ ልጃቸውን ዛፍ ላይ አውጥተው ቅጠል ያስለቅማሉ። ዛፉ ወደ ላይ እንዳይመዘዝና በቅርብ ቅርንጫፍ እንዲያበዛ ጫፉ ተቆርጧል።

«እማማ፣ ይህን መድኃኒት በየስንት ቀኑ ትወስዳላችሁ?» አልሁ። አስጎብኚው ተረጎመላቸው፤ ሳቃቸው ግን ሳይተረጎምልኝ ገባኝ።

«መድኃኒት አይደለም፣ ልጄ፤ ጎመን ነው። ጎመን በየስንት ቀኑ ይበላል?»

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ አየሁ። ቅጠሉ ከአገዳው ተሸልቅቆ በፈላ ውኃ ውስጥ ገባ። የማሽላው ዱቄት በውኃ ታሽቶ፣ በመዳፍ እየተድቦለቦለ ቅጠሉ ላይ ተጨመረና አብሮ በሰለ። ይህ ኩርኩፋ ነው። ሲቀርብ ጨቃ የሚባለው የአገሬው ጠላ አብሮት መጣ። ቅጠሉ ከእኛ አገር ጎመን ይልቅ ጠጠር ያለና በመጨረሻ ምላስ ላይ ጥቂት የሚመርር ነው፤ እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ጉርሻ የዋጥሁት በይሉኝታ ነበር፤ ሦስተኛውን ግን ወድጄው። የዛፎቹ ጣዕም አንድ ዓይነት እንዳልሆነና ሰው ለመትከል ዘር የሚወስደው ከማይመርረው ዛፍ እንደሆነ ሴትዮዋ ነገሩኝ። የግብርና ባለሙያ «ዝርያ መረጣ» የሚለው ይኸው መሰለኝ።

በሳይንሳዊ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ የሚባለው ይህ ዛፍ የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ተወላጅ ነው፤ ጋሞዎች ሃሌኮ ይሉታል። ቅጠሉ ካልሲየም፣ ብረትና ፕሮቲን፣ እንዲሁም ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይዟል። ረጅሙ ፍላት ቫይታሚን ሲን ያጠፋዋል፤ ይሁን እንጂ ጓሮ ውስጥ ሌላ ቅጠል በማይገኝበት ወር በየቀኑ ማዕድ ላይ የሚቀርብ ምግብ፣ በሳምንት አንድ ማንኪያ ከሚጠጣ ዱቄት ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም። የደጋው ጎመን በበጋ ውኃ ካላጠጡት ይጠወልጋል፤ ይህ ግን ግንዱ ውስጥ ባጠራቀመው ውኃ ድርቁን ያሳልፋል።

ከግቢው ስንወጣ ስለ ሌላው የሚበላ ቅጠል፣ ስለ አሉማ ጠየቅሁ። ዝናብ ሲጥል ከማሽላው መካከል ራሱ እንደሚበቅልና ሴቶቹ ሲያርሙ ለወጥ እየለቀሙ እንደሚያስቀሩት አስጎብኚው ነገረኝ። በልጅነቴ ከበቆሎ ማሳ ነቅለን ስንጥለው የነበረውን አሉማ አስታውሼ አፈርሁ። ሙቀትና የዝናብ እጥረት ባለበት በሳምንታት ውስጥ ለመብል የሚደርስ ቅጠል እያለን፣ ስሙን ከአረም ጋር ደርበን አስቀርተነዋል።

ልሰናበታቸው ስል እማማ ክንፍ ያላቸውን ዘሮች በጨርቅ ቋጥረው ሊሰጡኝ ነበር፤ ከዚያ ቆም አሉና «አገርህ ይበርዳል?» ሲሉ ጠየቁኝ። አዲስ አበባ ደጋ መሆኗን ስነግራቸው ቋጠሮውን ወደ ጉያቸው መለሱት። ድሬዳዋ የምትኖር እህት አለችኝ፣ እዚያ ሙቀት ነው ብዬ ለመንኋቸው። ፈትተው ቆጠሩ፤ ስድስት ፍሬ ሰጡኝ፤ የማይመርረው ዛፍ የትኛው እንደሆነም በጣታቸው አሳዩኝ።