የንባብ ቤት ነገር፦ ከሀሁ እስከ ዳዊት

«የቄስ ትምህርት ቤት ሽምደዳ ነው» ይባላል። ክሱን የሚደግሙት አብዛኞቹ ራሳቸው ሸምድደው የያዙት ይመስለኛል። በደብሩ አጥር ሥር ወይም በየኔታ ግቢ ያለው ንባብ ቤት፣ ልጆች ጠዋት መጥተው ማታ ወደ እናታቸው የሚመለሱበት ማለቴ ነው፣ ሽምደዳን የሚሰብር የራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ የሚበላሸው ደረጃ ሲዘለል ነው። የቆሎ ተማሪው ዓለም፣ ዜማ ቤቱና ቅኔ ቤቱ፣ ሌላ ነገር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

መነሻው ሀሁ ነው። የግእዙ 26 ፊደል በሰባት ቤት፣ ማለትም ከግእዝ እስከ ሳብዕ ባሉት ሰባት ቅርጾች፣ 182 ይሆናል። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ ሲጨመሩ 33 በ7፣ 231። እነ ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐ ለብቻ ናቸው። ልጁ የፊደል ገበታውን ጭኑ ላይ አድርጎ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ በስንጥር ወይም በሰንበሌጥ ይጠቁማል። ስንጥሩ ለወግ አይደለም። ጣት ፊደሉን ይሸፍነዋል፣ በላብና በእድፍም ያጠፋዋል፤ ስንጥር ግን ልጁ የቱ ላይ እንዳለ ከሩቅ ያሳያል። ጎበዝ መምህር የሚያየው አፉን ሳይሆን ስንጥሩን ነው። አፉ «ራብዕ» ሲል ስንጥሩ ገና ሣልስ ላይ ከሆነ፣ ያ ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልያዘም።

ገበታው አብዛኛውን ጊዜ የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ማተሚያ ቤት ያሳተመው ነው። ካርቶን ላይ ተለጥፎ በላስቲክ ካልተሸፈነ የላይኛዎቹ መስመሮች ቀድመው ይጠፋሉ፤ ሁሉም የሚጀምረው ከእነሱ ነውና።

የቅርጹን አካሄድ አንዳንድ የኔታ ያሳያሉ፣ አንዳንዶቹ ያልፉታል። ቢያሳዩ ነው የምመርጠው። ካዕብ ወገቡ ላይ ሰረዝ ይቀጥላል (ቡ፣ ሉ)፣ ሣልስ እግሩ ላይ (ቢ፣ ሊ)፣ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት (ቤ፣ ሌ)። ራብዕ ሁለት እግር ካለው ቀኙ ይረዝማል (ባ)፣ አንድ እግር ከሆነ ወደ ግራ ይታጠፋል (ታ፣ ቃ)። ሩ፣ ሪ፣ ፉ፣ ፊ ከዚህ ያፈነግጣሉ። ሳድስና ሳብዕ ደግሞ አንድ ወጥ ሕግ ስለሌላቸው በዓይን ከመልመድ ሌላ መንገድ የላቸውም። ልጅ ሲሳሳትም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ክለሳው ከግእዝ ቤት ሳይሆን ከሳድስ ቢጀምር ጊዜ ይቆጥባል።

ሞክሼዎቹ፣ ማለትም ቅርጻቸው ተለያይቶ ድምፃቸው አንድ የሆኑት፣ በስማቸው ይለያሉ፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ጆሮ አይለያቸውም፤ ስሙ ከሌለ «የትኛው ሰ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለም።

ከዚያ አቡጊዳ ይመጣል፤ የሽምደዳ ማፍረሻ የምለው ይህን ነው። ፊደሎቹ ተራቸው ይለወጣል፣ ቤቱም በየፊደሉ ይቀየራል፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፣ ቀጥሎ በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ። ሀሁን በዜማ ያወረደ ልጅ እዚህ ድንገት ዝም ይላል። ዝምታው ትልቅ መረጃ ነው፤ የትኞቹን ፊደላት በትክክል እንደሚያውቅ የሚታየው አሁን ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ «ጊዜ ይፈጃል» ተብሎ የሚዘለለው ደረጃም ይኸው መሆኑ ያናድደኛል። አቡጊዳም በበኩሉ በዜማ ሊለመድ ስለሚችል፣ ጠንቃቃ መምህር ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያስቆጥራል፤ ወይም ወረቀት በስቶ በቀዳዳው አንዷን ፊደል ብቻ ያሳያል።

ቀጥሎ ሐዋርያ፣ ማለትም አምስት ምዕራፍ ያለው የመጀመሪያው የዮሐንስ መልእክት። በቁጥር ይጀመራል፤ ቃሉ ሳይገጣጠም ፊደል በፊደል። ከዚያ ግእዝ ንባብ በዝግታ፣ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ቁም ንባብ። አንዱን ገጽ ደጋግሞ የሚመላለስበት ስለሆነ ለወላጅ ልጁ የቆመ ይመስለዋል። አልቆመም። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉት የንባብ ዓይነቶች፣ ማለትም በቃሉ ውስጥ ድምፅ የሚነሣበትና የሚወድቅበት መንገድ፣ የሚገቡት በዚህ ምልልስ ነው። መጥበቅና መላላት በጽሕፈታችን ስለማይታይ (ገና ብሎ በዓሉንም «ገና ነው»ንም የምንጽፈው አንድ ዓይነት ነው) ከመምህር አፍ ካልተሰማ ከመጽሐፍ አይገኝም።

ጽሑፉ ግእዝ በመሆኑ ልጁ ትርጉሙን አያውቀውም፤ በግምት ሊሞላውም አይችልም። ያለው ምርጫ ፊደሉን ማየት ነው። ለንባብ ችሎታ ይህ ይጠቅማል፣ ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ሰዋስዉን የሚያገኘው ቅኔ ቤት ከገባ ብቻ ነውና፣ አብዛኛው ልጅ ደግሞ እዚያ አይደርስም። የሽምደዳው ክስ እውነት የሚይዘው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ አሥሩ አንድ ንጉሥ እየተባለ 15 ንጉሥ ይሆናል። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ብሎ የጀመረ ልጅ የሚለካው በንጉሥ ነው እንጂ በክፍል አይደለም፤ እድሜ እኩያው ስድስተኛው ንጉሥ ላይ ሆኖ እሱ ሁለተኛው ላይ ቢሆን የሚጥለው ፈተና የለም። ሲጨርስ ቤተሰብ ይደግሳል፣ ለየኔታም ጋቢ ወይም ገንዘብ ይሰጣል።

የቃል ትምህርት ሌላ ነው። አቡነ ዘበሰማያት፣ ሰላም ለኪ፣ ውዳሴ ማርያም ከሰኞው «ፈቀደ» ጀምሮ፣ መልክአ ኢየሱስና መልክአ ማርያም ያለ መጽሐፍ፣ ሐረግ በሐረግ እየተቀበሉ ይያዛሉ። ይህ በግልጽ ለቃል የታሰበ ስለሆነ ሽምደዳ ብሎ መክሰስ ትርጉም የለውም።

ቤቱ የሚጨናነቀው በሰዓት ነው። ለአንድ ልጅ አሥር ደቂቃ ቢደርሰው፣ 30 ልጅ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ዳዊት የደረሰው ሀሁ ያለውን ያስቆጥራል፤ ራሱም ሲያስቆጥር ይጸናለታል። ግን ታላቁ የተሳሳተውን ለታናሹ ያወርሳል፤ የኔታ በሳምንት አንዴ እንኳ እያንዳንዱን ካልሰሙ ስሕተቱ በቤቱ ሁሉ ይዛመታል።

ሁለት ነገር አልደግፍም። አንዱ አለንጋው ነው፤ የፈራ ልጅ የሚያየው እጅን እንጂ ፊደልን አይደለም። ሁለተኛው ጽሕፈት አለመኖሩ። በጥንቱ ልማድ ጽሕፈት የጸሐፊዎች ሙያ ስለነበረ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ አስኳላ ገብቶ እርሳስ መያዝ ያቅተዋል። ደብተር የጨመሩ ንባብ ቤቶች ይህን ቀላል አድርገውታል፤ በቀን አንድ ፊደል በሰባት ቤቱ ማጻፍ ይበቃል።

ክፍያው ወላጅ በየወሩ የሚያዋጣው ነው፣ በገጠር እህልም ይሆናል። ክረምት ላይ ሲቋረጥ መምህሩ ወደ ሌላ ደብር ይሄዳሉ፣ ልጆቹም ያቆሙበት ንጉሥ ላይ ይቀራሉ።

ውጭ አገር በየቤተ ክርስቲያኑ እሑድ ብቻ ለሚማሩ ልጆች ይኸው ሥርዓት በልኩ መቀነስ አለበት። በሳምንት አንድ ቀን 33ቱን በዜማ ማዞር ከንቱ ድካም ነው። አራት ፊደል በሰባት ቤታቸው፣ ቤት ውስጥ በየቀኑ አምስት ደቂቃ፣ በቀጣዩ እሑድ በአቡጊዳ ዓይነት ተቀላቅለው ይጠየቁ። ያላወቀው ካለ አዲስ አይጨመር።