«ቡልቻም ገባ»

ጎንደር፣ ሐምሌ 2017

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ከቤት መውጣት ስላልቻልኩ ሰሞኑን ሲከነክነኝ የቆየውን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

አንጋፋው ፖለቲከኛና የቀድሞ የፓርላማ አባል አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ሰኔ መጨረሻ ላይ አረፉ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ነበሩና ዜናው ዱብ ዕዳ አልሆነብኝም። ያልጠበቅኩት የአባዬን ሐዘን ነው። አባዬ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነው። አቶ ቡልቻን በአካል አይቷቸው አያውቅም። ዜናውን ሲሰማ ግን ሬዲዮኑን ዘጋና ብዙ ሰዓት ዝም አለ። ከዚያ «ያን ደብተር አምጪልኝ» አለኝ።

ደብተሩን በ1997 ምርጫ ሰሞን ነው የጀመረው። የፓርላማ ወሬ ከቴሌቪዥን እየሰማ፣ ቀን እየጻፈ፣ አጠር አጠር አድርጎ ያሰፍርበታል። ያኔ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ሰፈራችን ከዳር እስከ ዳር የተቃዋሚዎቹ ጥምረት የቅንጅት ደጋፊ ነበር ማለት ይቻላል። ግንቦት 7 እናቴ ጎህ ሳይቀድ ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ ትዝ ይለኛል፤ ከሰልፍ የተመለሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ቀጥሎ የመጣውን አንባቢ ያውቀዋል። ሰው ሞተ፣ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ውጤቱ ተጭበርብሯል በሚሉት ተቃዋሚዎች መካከል የተነሣው «ፓርላማ እንግባ፣ አንግባ» የሚለው ክርክር ወንድማማች አኳረፈ። እኛ ቤትም አጎቴ ለወራት አልመጣም።

ለአባዬ መግባት ክህደት ነበር። አቶ ቡልቻ ደግሞ ከፓርቲያቸው ከኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ተመራጮች ጋር ገቡ። የ1998 መግቢያ ላይ በደብተሩ የሰፈረው ሁለት ቃል ብቻ ነው። «ቡልቻም ገባ።» «አቶ» የለም፣ አንቱታም የለም። ተማሪ ሰው ስም ላይ ማዕረግ ሲዘል የሚቆጣው አባዬ ነው እንዲህ የጻፈው።

አሁን ሳስበው፣ ሰውየው ያኔ ቤታቸው ቢቀመጡ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ገደማ ነው። ከወለጋ ተነስተው በንጉሡ ዘመን የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር እስከመሆን ደርሰዋል። በዓለም ባንክ ቦርድ ተቀምጠዋል። አገር ቤት ተመልሰው ከደርግ በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክ የሆነውን አዋሽን በ1987 ከ486 መሥራቾች ጋር አቋቁመዋል። አባዬ ጡረታውን የሚቀበለው ከሌላ ባንክ ነው እንጂ፣ ጎንደር ያለውን የአዋሽ ቅርንጫፍ ባየ ቁጥር «ይቺ የሰውየው ናት» ይላል። ይህን ማለት የጀመረው ግን በኋላ ነው።

ፓርላማው ደግሞ ለተቃዋሚ የሚመች ቤት አልነበረም። 547 ወንበር ካለው ምክር ቤት ተቃዋሚው ከ170 በላይ አሸንፎ ነበር። አዲሶቹ ከመግባታቸው በፊት ግን ደንቡ ተለወጠ። ቀድሞ 20 አባላት ከተስማሙ አጀንዳ ይያዝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ ግድ ሆነ። ስለዚህ የገባው ተቃዋሚ የቀረው ነገር መጠየቅ፣ መከራከር፣ በመጨረሻም እጁን አውጥቶ መሸነፍ ነበር።

ይህ መሸነፍ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

በ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ ወጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብትና በሴቶች መብት ላይ መሥራት አይችልም ተባለ። ያኔ እዚሁ ከተማ ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር በሚሰጥ ማኅበር በፈቃደኝነት አገለግል ነበር። ገንዘቡ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ አገር ውስጥ ማን ይሰጣል? በጥቂት ወራት ውስጥ ምክሩ ቆመ። ባሏ ከቤት ያባረራት አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ከአዘዞ በእግሯ መጥታ በሩን ተዘግቶ አገኘችው። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ምን እንዳልኳት አሁን ትዝ አይለኝም፤ ፊቷ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ የፀረ ሽብር አዋጁ፣ ቁጥር 652፣ ቀረበ። አባዬ ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ ጽፎታል። «286 ለ91»። አዋጁ አለፈ። ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ለዓመታት ታሰሩበት።

91 ድምፅ ምን ጠቀመ? ያን ቀን ምንም። አሥር ዓመት ገደማ አልፎ ግን የበጎ አድራጎት አዋጁ በ2011፣ የፀረ ሽብሩ በ2012 በአዲስ ሕግ ተተኩ። የ10 በመቶው ገደብ ተነሣ። መንግሥት ራሱ አፋኝ ነበሩ ብሎ አመነ። አቶ ቡልቻ የነበሩበት ወገን ገና ከጅምሩ «ይህ ልክ አይደለም» ሲል የነበረውን ማለት ነው። ይህ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ማንም ተነሥቶ «ያኔ አላወቅንም ነበር» ማለት አይችልም፤ ተነግሮት ነበራ!

በ2002 ምርጫ አቶ ቡልቻ ወንበራቸውን አጡ። ከተቃዋሚ ፓርቲዎች አንድ ሰው ብቻ፣ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ገቡ። በ2007 ያቺም አንድ ወንበር ቀረች።

ሁሉን ነገር ከአቶ ቡልቻ ጋር እስማማለሁ አልልም። እኔ ጎንደሬ ነኝ፤ የዚችን አገር ታሪክ እሳቸው በሚያዩበት ዓይን አላየውም። የኦሮሞን ጥያቄ ሲያነሡ አንዳንዴ እኛን የሚከሱ ይመስለኝና ይከፋኝ ነበር። አባዬም እንደዚሁ። ግን ሰውየው የሚሉትን አደባባይ ላይ፣ በግልጽ፣ ሳይሳደቡ ይሉታል። የማልስማማበትን ነገር ተቀምጬ እስከ መጨረሻው የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው። ዛሬ በዚህ በምንኖርበት ጭንቅ ውስጥ ሆኜ፣ ተኩስ ሰምቼ ባደርኩበት ማግስት፣ የዚያ ዓይነት ክርክር እንደ ውኃ ይጠማኛል።

አባዬ ደብተሩን ገለጠና የ1998ቱን ገጽ አገኘው። መነጽሩ ስለተሰበረ እኔን አስጻፈኝ። ከታች ያረፉበትን ወርና ዓመት ጻፍኩ። ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ፣ ወደ አሮጌው መስመር ወሰደ።

«እሷንም አስተካክያት» አለኝ። «‹አቶ› በይበት። ‹ገቡ› በይው።»