የአንበሳው ትል የዘር ዛፍ፦ ልምምዴ የት ደረሰ?

ሰላም ሁላችሁም። የመጀመሪያው የዘር ዛፌ፣ ማለትም ዝርያዎች በዘረመል እንዴት እንደሚዛመዱ የሚያሳይ ሥዕል፣ ተሠርቷል! ቤተ ሙከራ የለኝም። ያለኝ ላፕቶፕ፣ ጂን ባንክ ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነው የዘረመል መረጃና ዛፉን የሚሠራው ሜጋ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው።

የመረጥኩት ኢኪኖኮከስ ፌሊዲስን ነው። አንበሳ አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ የኮሶ ትል ዘመድ። ኦርትሌፕ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1937 ከደቡብ አፍሪካ አንበሳ አግኝቶ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው አለ። ኋላ ግን ሌሎች ከኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ ጋር ደባለቁት። ግራኑሎሰስ ያው የበግ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚሠራው ነው፤ ቄራ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

እንቁላላቸውን በማይክሮስኮፕ አይቶ መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ተመራማሪዎች ኡጋንዳ ውስጥ ከአንበሳ ዓይነ ምድር የተገኘ እንቁላል ወስደው ዘረመሉን አነበቡ። ከግራኑሎሰስ የተለየ ሆነ። እኔ የወደድኩት ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። የተለየ ስለሆነ ብቻ «ፌሊዲስ ነው» አላሉም። ድሮ ከደቡብ አፍሪካ አንበሳ ተወስዶ ከተቀመጠ ትል ጋር አስተያዩት። ገጠመ፤ ስሙም ተመለሰለት።

ስለዚህ ብላስት (ያላችሁን ዘረመል ከተመዘገበው ጋር አስተያይቶ ተመሳሳዩን የሚፈልገው መሣሪያ) አናት ላይ ያወጣላችሁን ስም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። «ግራኑሎሰስ» ተብለው የተመዘገቡ፣ ዛሬ ግን ኦርትሌፒ ወይም ካናደንሲስ የሚባሉ (ሌሎች የኢኪኖኮከስ ዝርያዎች) ናሙናዎች አሉ። የተመዘገበበትን ዓመት፣ እንስሳውንና የጂ ቁጥሩን (የዘረመል ዓይነቱን መለያ) እዩ። ጂ1 ግራኑሎሰስ ነው፣ ጂ5 ኦርትሌፒ፣ ከግመል የሚገኘው ጂ6 ደግሞ ካናደንሲስ ውስጥ ይመደባል።

አንድ ነገር ለጀማሪ፦ የጠፍጣፋ ትሎች ማይቶኮንድሪያ (የራሱ ዘረመል ያለው የሕዋስ ክፍል) ጂንን ወደ ፕሮቲን የሚተረጉም የራሱ የኮድ ሰንጠረዥ አለው፣ ቁጥር 9። በተለመደው ሰንጠረዥ ብትተረጉሙት ጂኑ መሀል ላይ «አቁም» የሚል ምልክት ይመጣና ናሙናው የተበላሸ ይመስላችኋል። ምንም አልሆነም፣ ሰንጠረዡን ቀይሩ።

ውጤቱ? ፌሊዲስ ከጂ1 ጎን እንደ እህት ተቀመጠ፤ ታትሞ ከወጣው ጋር ይስማማል። ኮክስ 1 የተባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን ብቻውን ሲሆን የቅርንጫፉ አስተማማኝነት ደካማ ነበር፣ ናድ 1 የተባለው ሌላው ጂን ሲጨመር ጠነከረ።

የቀረኝ የኒውክለስ ጂን ነው። ማይቶኮንድሪያ አንድ የዘር መስመር ብቻ ስለሚናገር ሁለት ዝርያዎች ቢዳቀሉ አያሳይም። ካናደንሲስ አንድ ዝርያ ነው ወይስ ከአንድ በላይ የሚለው ክርክርም ያላለቀው በከፊል በዚህ ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ ከየትኛው ጂን ልጀምር?